የእድር ብር ለልጆች፦ ደብተር፣ ኦ ክላስ፣ ማስጠኛ ወይስ ክፍል መስራት?

ነሐሴ ሲጋመስ ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ አንድ ስብሰባ አይቀርም። እድሩ ይሰበሰባል፣ አፎቻው (እንደ እድር ያለው መረዳጃ ማኅበር) ይሰበሰባል፣ ውጭ አገር ያሉ የሰፈር ልጆች በቴሌግራም ይሰበሰባሉ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ዘንድሮ ለልጆቹ ምን እናድርግ? አንዱ ደብተር ይላል። አንዱ ክፍል እንስራ ይላል። ሌላው ደግሞ "አቦ፣ ለ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?" ይላል። ሙቀቱ ይበረታል፣ ሰው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል፣ መጨረሻ ላይ ደብተር ይወሰናል። ደብተር የሚያሸንፈው ስለሚሻል አይደለም። ስለሚቀል ነው።

እኔ ሳቢያን አካባቢ የአንድ እድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከታች የምዘረዝራቸውን አብዛኞቹን ሞክረናል። የተሳካም አለ፣ የከሸፈም አለ። ከከሸፈው ልጀምር።

ከአራት ዓመት በፊት ሦስት ካርቶን የተረት መጽሐፍ ገዝተን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠን። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም ነበር፤ በእሱ ኮርተናል። ርክክቡ ላይ ፎቶ ተነሳን። ጥር ላይ ለሌላ ጉዳይ ብቅ ስል ካርቶኖቹን ንብረት ክፍል ውስጥ አየኋቸው። ስኮቹ እንኳን አልተላጠም። ደሜ ፈላ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ግን ረጋ ብሎ "በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል። አንድ ቢጠፋ የሚቆረጠው ከእኔ ደሞዝ ነው። አንተ ብትሆን ታወጣዋለህ?" አለኝ። አላወጣውም። እውነቱን ነው። መጽሐፉን ሰጠን እንጂ ከፍቶ ለልጅ የሚያነበውን ሰው አላሰብንም።

መጀመሪያ መመዘኛው

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሐሳብ ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ጥር ላይ ማን አለ? መስከረም ላይ ሁሉም አለ። ባለሀብቱም፣ ካሜራውም፣ በጎ ፈቃደኛውም። ጥር ላይ ልጁ ፊት በየቀኑ የሚቆም ሰው ካለ ገንዘቡ ሥራ ላይ ነው። ከሌለ ገንዘቡ ዕቃ ሆኖ ቀርቷል።

ሁለተኛው ሒሳብ ነው። "ስንት ልጅ ረዳን?" ብሎ መቁጠር ያታልላል። አንድ ደብተር የተቀበለም ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያነብ የከረመም ልጅ እኩል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ይልቅ አንድ ልጅ ለአንድ ሰዓት ከሚያስተምረው ሰው ጋር እንዲቀመጥ ስንት ብር ወጣ ብላችሁ አስሉ። ወደ ታች ምሳሌ እሰጣለሁ።

ሦስተኛው፣ ማን ይቀራል? ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሟን የምትጠብቅ ልጅ ማስጠኛ አትመጣም። ቀፊራ ገበያ እናቱ ጉልት አጠገብ የሚውል ልጅም አይመጣም። ቤቱ ሶማሊኛ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ብቻ የሚሰጥ ነገር ውስጥ ቢቀመጥም የለም። ድሬ ላይ በሦስቱም ቋንቋ የሚማሩ ልጆች እያሉ "ለልጆች" ብሎ ዝም ማለት የአንዱን ሰፈር ልጆች ብቻ ማለት ይሆናል።

የቀሩት ሁለቱ አጭር ናቸው። እኛ ብናቆም የሚጎዳ ሰው አለ ወይ? ሥራውንስ ሳንነግራቸው ሄደን ማየት እንችላለን ወይ?

ደብተርና ዩኒፎርም

መጥፎ አይደለም። ግን ለሁሉም መሆን የለበትም። ዩኒፎርም አጥቶ ከምዝገባ የሚቀር ልጅ አለ፤ ለእሱ ዩኒፎርሙ የትምህርት ቤቱ በር ነው። ለሌላው ግን የአንድ ቀን ደስታ ነው። ያንን ልጅ የሚያውቁት መምህሯና የወላጅና መምህራን ህብረቱ (ወመህ) ናቸው። ዝርዝሩን ከእነሱ ውሰዱ፣ ዕቃውን ማታ ቤቱ ድረስ አድርሱ። ልጅን መድረክ ላይ አቁሞ ደብተር አስይዞ ፎቶ ማንሳት ይቅርብን። ውጭ ያሉት ወገኖቻችን ማስረጃ ይፈልጋሉ፣ አይፈረድባቸውም፤ ደረሰኝና የመምህሯ ፊርማ ከፎቶ የተሻለ ማስረጃ ነው።

ኦ ክላስ

እኔ ብጠየቅ ልቤ ያለው እዚህ፣ ከ1ኛ ክፍል በፊት ባለው የትንንሾቹ ክፍል ላይ ነው።

ድሮ ትንንሽ ልጆች የሚማሩት ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ቁርአን ቤት ነበር። ከዚያ ኬጂ መጣ፤ ኬጂ ደግሞ የከፋይ ልጅ ቦታ ነው። በ2002 የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ኦ ክላስ እንዲስፋፋ መንገድ ከፈተ። የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት አደረገው። በወረቀት ላይ ደስ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ግን ወንበሩ ለሰባተኛ ክፍል የተሰራ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ሲቀመጥበት እግሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ጫማው ይወልቃል፣ ጫማውን ሊያነሳ ሲወርድ ጎረቤቱ ይወርዳል። አንድ መምህርት፣ ሃምሳ ልጅ። ግማሹን ቀን የምታስተምረው ጫማ ማድረግ ነው።

ያየኋት አንዲት መምህርት ከለስላሳ መሸጫ ቆርኪ ሰብስባ በሱካር ከረጢት ይዛ ትመጣ ነበር። ልጆቹ መሬት ላይ በአምስት በአምስት ይደረድሩታል። "አምስት ላይ ሁለት ስትጨምሩ?" ትላለች። መልሱን በአፍ አይናገሩም፣ ቆርኪውን እየገፉ ያሳዩዋታል። ከዚያ ክፍል ስወጣ ለእድሩ የጻፍኩት ዝርዝር አጭር ነበር፤ ምንጣፍ፣ ዝቅ ያሉ ጠረጴዛዎች፣ ባለ ቧንቧ የውሃ በርሜል፣ ቬንቲሌተር (የአየር ማራገቢያ)፣ አንዲት ረዳት። የመጨረሻዋ ከሁሉም ትበልጣለች። የረዳቷ ደሞዝ ከእድሩ ከሆነ ጫማውን እሷ ታስራለች፣ ሽንት ቤት እሷ ታደርሳለች፣ መምህሯ ታስተምራለች።

ውሃውንና ቬንቲሌተሩን እንደ ቅንጦት የሚያይ ሰው ግንቦት ላይ ከቀኑ አምስት ሰዓት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሃያ ደቂቃ ይቀመጥ።

ሒሳቡን እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው፤ በራሳችሁ ዋጋ ተኩ። ረዳቷ በወር 5,000 ብር ቢከፈላት በ10 ወር 50,000 ነው። ዕቃው 30,000 ይሁን። በጠቅላላ 80,000። 50 ልጆች በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ36 ሳምንት ቢማሩ አንዱ ልጅ 540 ሰዓት ያገኛል። ለ50ው 27,000 ሰዓት። ሲካፈል ሦስት ብር ገደማ በልጅ በሰዓት። እንዲህ የረከሰው ለምንድን ነው? ቤቱም የመምህሯ ደሞዝም ቀድሞ በመንግሥት ስለተከፈለ ነው። እኛ የጎደለውን ብቻ ነው የምንሞላው።

ችግሩ ማቋረጥ ነው። ረዳቷን ቀጥራችሁ የካቲት ላይ ብር አለቀ ብትሉ ከጀመርነው ቀን የባሰ ይሆናል። ስለዚህ የዓመቱ ደሞዝ ባንክ ሳይገባ አትጀምሩ።

ከትምህርት በኋላ ማስጠኛ

ስብሰባው ላይ ትልቁ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ነው። ሁሉም የሚያስበው 12ኛ ክፍልን ነው። ምክንያት አለው። በ2014 በአገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ይህን ያየ ወላጅ ቢደነግጥ አይገርምም። ግን በ2002 በአገሪቱ የተደረገ የንባብ ምዘና ላይ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያኔ 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ክፍል ሳይደግም ቢሄድ 12ኛ የሚደርሰው በ2012 ነው። ማንበብ ሳይችል የወጣ ልጅን 12ኛ ላይ በሦስት ወር ማጠናከሪያ ማቃናት፣ ጣሪያው ከተከደነ በኋላ መሠረት እንደ መቆፈር ነው። እኔ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉትን ውሰዱ እላለሁ። ከእድራችን ግማሹ አሁንም አይስማማም።

ቦታ አለን። የእድር አዳራሽ ሳምንቱን ሙሉ ተቆልፎ ነው የሚውለው፤ ወንበሩም የራሳችን ነው። ለቅሶ ሲኖር ብቻ ወንበሩ ይወጣል፣ የዚያን ቀን ማስጠኛው ይዘጋል። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። አንዱ "ዛሬ የሞተ ሰው አለ?" ብሎ ሲጠይቅ ምን ለማለት እንደፈለገ ገብቶን ስቀናል፤ ነገሩ ባያስቅም።

ሰዓቱን ከአዲስ አበባ አትቅዱ። ድሬ ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ይተኛል። በመጀመሪያው ዓመት 8 ሰዓት ላይ ከፍተን ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ተኙብን፤ አስጠኚውም አንዴ ተኝቷል። አሁን 10 ሰዓት ተኩል እንከፍታለን፣ ሳይመሽ እንዘጋለን። በተለይ ሴቶቹ መግሪብ ሳይል ቤታቸው መግባት አለባቸው፤ አለዚያ ወላጅ በሁለተኛው ሳምንት ያስቀራቸዋል። ሴት አስጠኚ ስትኖር ደግሞ የሚመጡት ሴት ልጆች ይበዛሉ። ታናሽ ይዛ የምትመጣ ልጅ ካለችም አትመልሷት፤ ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፉላቸው።

አስጠኚ ከየት ይመጣል? የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፈቃደኞች ናቸው፤ ጎበዞችም ናቸው። ግን ፈተናቸው ሲደርስ ይጠፋሉ፣ ክረምት አገራቸው ይገባሉ። ይህ የእነሱ ጥፋት አይደለም። ቋሚው ሰው የሰፈር ሰው ይሁን፤ ጡረታ የወጣ መምህር ወይም ተመርቃ ሥራ የምትፈልግ የጎረቤት ልጅ። ተማሪዎቹ በዚያ ላይ ይጨመሩ። ቢያንስ የባጃጅ ይከፈላቸው፤ በነፃ የተባለ ነገር ሁሉ ህዳር ላይ ይሳሳል።

አንድ ደንብ ግን አትደራደሩበት። ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ፣ በሩ ክፍት፣ አንድ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ለብቻ የሚቀርበት ሰዓት እንዳይኖር። የምታምኑት ሰው ቢሆንም።

ሒሳቡ፦ ሁለት አስጠኚዎች እያንዳንዳቸው በወር 6,000 ብር ቢከፈላቸው በ10 ወር 120,000። 40 ልጆች፣ በሳምንት 8 ሰዓት፣ 36 ሳምንት፤ በልጅ በሰዓት ከአስር ብር ትንሽ ይበልጣል። ግማሾቹ ከቀሩ ወዲያው 21 ብር ይሆናል። ስለዚህ ስም መጥሪያው እንደ ካዝና መያዝ አለበት። እኔ በየወሩ መጨረሻ የማየው ባንክ ደብተሩን ሳይሆን እሱን ነው።

ኳስና የወጣት ማዕከል

ኳስ ልጅ ይስባል። ወንድ ልጅ በተለይ። ከማስጠኛው ጋር ከታሰረ ግሩም ነው፤ ያነበበ ይጫወታል። ብቻውን ከሆነ ግን ኳሱ የሚቆየው ማልያው እስኪቀደድ ነው፣ ሴት ልጆች ደግሞ ዳር ቆመው ያያሉ። ለእነሱ የሚሆን መረብ ኳስ ወይም ሌላ ነገር አብራችሁ ካላሰባችሁ የእድሩን ብር ለግማሹ ልጅ ብቻ አውጥታችኋል።

ክፍል መስራት

በር ላይ ስም ይጻፍበታል፣ ለዚህ ነው ባለገንዘብ የሚወደው። እኔ እፈራዋለሁ። ብሎኬት መምህር አይሆንም። ትምህርት ቢሮው ለዚያ ክፍል መምህር እንደሚመድብ በደብዳቤ ካልጻፈ፣ የሠራችሁት መጋዘን ነው። ቦታውንም እዩ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን ያላየ ወጣት የእድር አባል፣ ደረቅ አሸዋ አይቶ "ሰፊ ቦታ" ሊለው ይችላል። ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ ከመገንባት ደግሞ ያለውን ክፍል መጠገን፣ ኮርኒስ ማድረግ፣ የሴቶች ሽንት ቤት በር መግጠም በጣም ይረክሳል፤ የሴቶቹ ሽንት ቤት በር ብዙ ጊዜ ከአዲስ ክፍል ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለተመዘገበ ድርጅት መስጠት

ሰው ለማሰማራት ጊዜ ለሌላችሁ፣ በተለይ ውጭ ላላችሁ ይሄ ይቀላል። ድርጅቶቹ ሙያተኛ አላቸው፤ ቤት ለቤት ሄዶ ችግሩን የሚያጣራ ሰው እድር የለውም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የሰጠውን የምዝገባ ሰርተፊኬትና የመጨረሻውን ኦዲት ጠይቁ፤ ጥሩ ድርጅት በጥያቄው አይቀየምም። አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እኔ የምጨምረው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ "ፕሮጀክቱ የሚያልቀው መቼ ነው፣ ልጆቹስ ከዚያ በኋላ ለማን ይቀራሉ?" መልሱ ሲንተባተብ ታውቁታላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ በአፎቻ በኩል የሚመጣው ገንዘብ ዘካ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ዘካ የተወሰኑ 8 ተቀባዮች አሉት፤ ለድሃ ልጅ ቀጥታ መስጠት ይቀላል፣ ለግድግዳና ለጣሪያ ግን ሰደቃ ወይም ወቅፍ (ለዘላቂ በጎ ሥራ የሚሰጥ ንብረት) ቢሆን ይሻላል የሚሉ አሉ። ከመወሰናችሁ በፊት ዓሊም ጠይቁ፣ ሒሳቡንም ለየብቻ ያዙ።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | ጥር ላይ ማን አለ? | ወጪው | የሚቀረው ማን ነው? | ብናቆም |
|---|---|---|---|---|
| ደብተርና ዩኒፎርም | ማንም የለም | ዝቅተኛ፣ በየዓመቱ | ዝርዝር ውስጥ ያልገባ | ብዙ አይጎዳም |
| ኦ ክላስ መደገፍ | መምህርትና ረዳት | መካከለኛ፣ በሰዓት ርካሽ | ያልተመዘገበ ልጅ | ረዳቷ ትሄዳለች፣ ዕቃው ይቀራል |
| ማስጠኛ | አስጠኚ፣ ከተከፈለው | መካከለኛ፣ ልጅ ከቀረ ይወደዳል | ሠራተኛ ልጅ፣ ታናሽ የምትጠብቅ | ወዲያው ይዘጋል |
| ኳስና ወጣት ማዕከል | አሰልጣኝ ካለ | ዝቅተኛ | ሴት ልጆች | ቀስ ብሎ ይበተናል |
| ክፍል መስራት | መምህር ከተመደበ | በጣም ከፍተኛ | በመምህሩ ይወሰናል | ህንፃው ይቀራል |
| የተመዘገበ ድርጅት | የድርጅቱ ሠራተኛ | እንደ ፈቃዳችሁ | ከፕሮጀክቱ ቀበሌ ውጭ ያለ | በሌላ ለጋሽ ሊቀጥል ይችላል |

እንደ ኪሳችሁ

ከ20 እስከ 30 ሺህ ብር ብቻ ካላችሁ ደብተር ለመቶ ልጅ አትበትኑ። ወመህ በሚሰጣችሁ ዝርዝር ዩኒፎርም የሌላቸውን አስር ልጆች አልብሱ፤ የተረፈው ለአንድ ኦ ክላስ ምንጣፍና የውሃ በርሜል ይበቃል።

ከ80 እስከ 150 ሺህ ላለው እድር ምርጫው ኦ ክላስ ወይም ማስጠኛ ነው፤ ሁለቱንም በግማሽ አትጀምሩ። አቅራቢያችሁ ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ በሩን የሚከፍት ሰው ከሆነ ኦ ክላሱን። ካልሆነ አዳራሻችሁ በእጃችሁ ነው፣ ማስጠኛውን።

ገንዘብ የሌለው ግን አዳራሽ ያለው አፎቻ ቁልፉን ይስጥ። ቀልዴን አይደለም፤ ብር ኖሯቸው ቦታ ያጡ ሰዎች አሉ።

ከዚያ በላይ የሚልክ የውጭ ወገን፣ የሁለት ዓመት ደሞዝ በዝግ ሂሳብ አስቀምጦ ለአንድ ትምህርት ቤት ይስጥ። ክፍል መስራት ካማረውም ከዚያ በኋላ ይነጋገር።

ስትሰጡ ወረቀቱን አስተካክሉ። ጥሬ ብር ከሆነ በሞዴል 64 ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ዕቃ ከሆነ በሞዴል 19 ገቢ ይሁን፤ ግን እዚያው ቀን በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በመምህሯ እጅ ይግባ። ከርክክቡ በፊት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጋር ቃለ ጉባኤ ያዙ። የኛ ሦስት ካርቶን ከንብረት ክፍል የወጣው በእንደዚህ ዓይነት ቃለ ጉባኤ ነው። ተራ ቁጥር 4 ላይ "በልጆች እጅ ያረጀ ወይም የተቀደደ መጽሐፍ እንደ ጉድለት አይቆጠርም" ይላል። ንብረት ክፍሉ ሁለቴ አንብቦ ፈረመ። ባለፈው ቆጠራ አስራ አንድ መጽሐፍ ጠፍቷል፣ የብዙዎቹ ሽፋን ተገንጥሏል፤ አንዱ ላይ የሳምቡሳ ዘይት አለ።